ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም፦ ፖምፓውን ከመፍታትህ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። (ሞተሪኖ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ፖምፓ ናፍጣውን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ነው።) «ከአባቴ የተረከብኩት የቆየ አይሱዙ ኤን ፒ አር አለኝ፤ ሞተሩ ፎር ኤች ኤፍ ዋን ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን እህል አመላልስበታለሁ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ጠዋት ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ አይነሳም። ብዙ ታግዬ ካስነሳሁት በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ይሠራል፤ መንገድ ላይ ባጠፋውም ወዲያው ይነሳል። የናፍጣ ፊልትሮው በቅርቡ ተቀይሯል፤ ባትሪዎቹ አዲስ ናቸው። ደጃችን ዳገት ስለሆነ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጌ ነው የማሳድረው። አንድ መካኒክ ፖምፓው ስላለቀ ይፈታ ብሎኛል። ላስፈታው?»

ልጄ፣ አታስፈታው። የቆየ መኪና ላይ የማያልቅ ነገር የለምና ፖምፓውም አልቆ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንተው በጻፍካቸው ጥቂት መስመሮች ውስጥ ለፖምፓው የሚመሰክሩ ሦስት ነገሮች አሉ። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ጭነት ይዞ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ሲሞቅም ወዲያው ይነሳል። ችግሩ የመጣው ከፊልትሮ ቅየራ ጋር ተያይዞ ነው። መኪናው ሽቅብ ቆሞ ያድራል።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ውስጡ የተበላ ፖምፓ ጠባዩን ይበልጥ የሚገልጠው ሞተሩ ሲግል ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ናፍጣ ደግሞ በተበላው ፕላንጀር (ናፍጣውን በሚገፋው ዘንግ) ዳርና ዳር ያመልጣል፤ ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጀክተር የሚከፍት ግፊት አይፈጠርም። እንዲህ ያለው መኪና ጠዋት ተነስቶ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አጥፍተህ ስትመለስ እንቢ ይልሃል። ፖምፓው ላይ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ጠቅልለህ ጥቂት ብትጠብቅና ቢነሳ፣ ያኔ ፖምፓውን ብትጠረጥር እውነት አለህ። የአንተ መኪና የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ዲዝል ሞተር የብልጭታ ካንዴላ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን ወደ አሥራ ስምንት እጥፍ ገደማ ጨምቆ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግለዋል፤ በዚያች ቅጽበት ኢንጀክተሩ ናፍጣውን አድቅቆ ይረጨዋል፤ ናፍጣው በአየሩ ግለት ብቻ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የማይነሳ ዲዝል ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ አልደረሰም፣ ወይ ደርሶ አልነደደም። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግህም። አንድ ሰው ከኋላ አቁምና አንተ ሞተሪኖውን ስታዞር የጭስ ማውጫውን ይመልከትልህ።

ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም። ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ እየተግተለተለ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ ያልተሳካው መንደዱ ነው። ጥቁር ጭስ ከሆነ አየር አጥሮታል፤ የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ እይ። ይህን ሳያይ ቁልፍ የሚያነሳ መካኒክ ካለ መኪናህን ለጊዜው አትስጠው። ይህን የምለው ተቆጥቼ ነው፤ ለማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነውና።

አንተ ስለ ጭሱ አልጻፍክም። ከጻፍከው ተነስቼ ስገምት ግን ጠዋት ሞተሪኖው ሲዞር ምንም ጭስ አይታይም፤ ከብዙ ትግል በኋላ ነጭ ጭስ ቱፍ ቱፍ ይልና፣ አንዱ ሲሊንደር ይይዛል፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ እየተንገጫገጨ ይነሳል። እንደዚያ ከሆነ ሌሊቱን አየር ገብቶ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው (ወደ ናፍጣ ታንከሩ) ተመልሷል ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳህ፤ ከገባህ ግማሹን ሥራ ጨርሰሃል። ልጆች ሳለን በሸምበቆ ውሃ ስበን ጫፉን በጣት ስንደፍነው ውሃው አይፈስም፤ ጣታችንን ስናነሳ ግን ዝርግፍ ይላል። ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ያለው ቱቦም እንደዚያ ሸምበቆ ነው። መኪናው አፍንጫው ሽቅብ ሆኖ ሲቆም ሞተሩ ከሰልባትዮው ይበልጥ ከፍ ይላል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ናፍጣ ወደ ታች ይጎትታል። መስመሩ ሁሉ ጥብቅ ከሆነ ባለበት ያድራል። አንድ ቦታ የፀጉር ስንጥቅ የምታህል ክፍተት ካለች ግን አየር ቀስ እያለ ይገባል፣ ናፍጣውም ቀስ እያለ ይመለሳል። ሞተሩ ቀን ሲሠራ ማቀበያ ፖምፓው (ናፍጣውን ከሰልባትዮው ስቦ ለዋናው ፖምፓ የሚያቀብለው) ከሚገባው አየር በላይ ናፍጣ ስለሚስብ ምንም አይታወቅህም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ቦታ የለም» ይልሃል። ከሰልባትዮው እስከ ማቀበያ ፖምፓው ያለው ክፍል የሚስብ ክፍል ነው። ክፍተት ቢኖረው ወደ ውስጥ አየር ይስባል እንጂ ወደ ውጭ ናፍጣ አያፈስም። ደረቅና ንጹህ ሆኖ ታየዋለህ። ስለዚህ ዓይንህን ብቻ አትመን።

ዛሬ ማታ ያለ ምንም ወጪ ልታደርገው የምትችለው አለ። መኪናውን አፍንጫው ቁልቁል እንዲሆን አድርገህ አሳድር፤ ከጎማዎቹ ስር ጥሩ ታኮ አድርግ። ነገ ጠዋት እንደ ወትሮው አስነሳ። በሚቀጥለው ሌሊት ደግሞ ወደ ላይ አዙረህ አሳድርና በማግስቱ ሞክር። ቁልቁል ሲያድር በአንድ ጊዜ ተነስቶ፣ ሽቅብ ሲያድር እንቢ ካለ ነገሩ አለቀ፤ ፖምፓ የመኪናው አፍንጫ ወዴት እንደዞረ አያውቅም።

ሽቅብ ባደረበት ጠዋት ሞተሪኖውን ከመንካትህ በፊት ጋቢናውን አንሳና መደገፊያው በትክክል መቆለፉን በእጅህ አረጋግጥ። ከዚያ የእጅ ፖምፓዋን ፈልግ። አንዳንዱ መኪና ላይ ከፊልትሮው ራስ ላይ ናት፤ አንዳንዱ ላይ ከዋናው ፖምፓ ጎን ማቀበያው ላይ ናት። እየቆጠርክ ግፋት። ጤነኛ መስመር ላይ ከጥቂት ግፊት በኋላ ጠንካራ ትሆናለች። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ገፍተህ እንደ ባዶ ፊኛ ከለሰለሰች መስመሩ ባዶ ነበር ማለት ነው። እስክትጠነክር ግፋና ሞተሪኖውን አዙር። ወዲያው ከተነሳ ፖምፓህ ጤነኛ ነው፤ ኢንጀክተሮችህም እንዲሁ። ስንት ጊዜ ገፍተህ እንደጠነከረች ግን ጻፈው፤ ጥገናው ከተሠራ በኋላ ታነጻጽረዋለህ።

አየሩ የሚገባበትን ቦታ ለማግኘት ከጎሚስታ ወይም ከመለዋወጫ ሱቅ ነጭ ብርሃን አሳላፊ የናፍጣ ቱቦ አንድ ሜትር ግዛ። መጀመሪያ ከፊልትሮው ወደ ዋናው ፖምፓ በሚሄደው መስመር ላይ ተካውና ሞተሩን አስነስተህ ተመልከት። አረፋ ካለፈ አየሩ ከዚያ በፊት ነው የገባው። ቱቦውን ወደ ኋላ፣ ከሰልባትዮው ወደ ማቀበያው በሚሄደው መስመር ላይ አዛውረው። እዚያ አረፋ ከሌለና ፊልትሮው ማዶ ካለ ጥፋተኛው መካከል ላይ ነው። ሌላው መንገድ ጀሪካን ነው። አምስት ሊትር ንጹህ ናፍጣ ሞልተህ ከፖምፓው ከፍ ያለ ቦታ ላይ እሰረውና በቱቦ በቀጥታ ወደ ዋናው ፖምፓ መግቢያ አገናኘው፤ የመመለሻውን ቱቦም ወደ ጀሪካኑ አስገባው። ሌሊቱን እንዲህ አሳድረህ ጠዋት በአንድ ጊዜ ከተነሳ፣ ሰልባትዮው፣ ቱቦው፣ ማቀበያው ወይም ፊልትሮው ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የፊልትሮውን የጎማ ቀለበት ነው፤ ፊልትሮው ከማቀበያው በኋላ ቢሆን እንኳ ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ናፍጣው ወደ ኋላ ስለሚጎትት በእሱ በኩል አየር ሊገባ ይችላል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ልክ እንደ አንተ ያለ አይሱዙ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣ። ጠዋት አይነሳም። ፖምፓውን ፈታን፣ ወደ መሞከሪያ ማሽን ላክን፣ ተመርምሮ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ገጠምነው። መኪናው እንደነበረው አልነሳም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ምንም ሳይናገሩ ፊልትሮውን በእጃቸው አዞሩና አወጡት። አዲሱ ፊልትሮ አዲስ ቀለበቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ፊልትሮው ራስ አስገቡና በጥፍራቸው አንድ ጥቁር ነገር ፈልፍለው አወጡ። ከቀድሞው ፊልትሮ የቀረ ቀለበት ነበር፤ በሙቀት ደርቆ፣ ጠፍጥፎ፣ እንደ አሮጌ ጠፍር ተጣብቆ። ሁለት ቀለበት ተደራርቦ አየር አይከለክልም። ባለቤቱ አራት ቀን ሥራ ፈትቶ፣ የፖምፓ ሒሳብ ከፍሎ፣ መኪናው የዳነው በጥፍር ነው። የሰውየው ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ፊልትሮህን አውርድ። ከላይ ያለውን መቀመጫ በጨርቅ ጠርገህ በጣትህ ዙሪያውን ዳስስ። አሮጌ ቀለበት ካገኘህ ጨርሰሃል ማለት ይቻላል። ካላገኘህ ቀለበቱ ተጣምሞ ወይም ተቆርጦ እንደሆነ ተመልከት፣ በናፍጣ ቀባና በእጅህ አጥብቅ። በሰንሰለት ቁልፍ የሚያጠብቁ አሉ፤ ቀለበቱን የሚያጠፋው እሱ ነው። ቀጥሎ የቱቦ መገጣጠሚያ ብሎኖች ላይ ያሉትን የመዳብ ሮንዴላዎች (ቀለበት መሰል ማሸጊያዎች) እይ፤ አንዴ የተጨመቀ ሮንዴላ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይዝም፣ ዋጋውም ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥምና በአዲስ ተካው። የጎማ ቱቦዎቹን ከፋሼታው (ቱቦውን ከሚያስረው ብረት) ስር ጎንበስ አድርገህ ተመልከት፤ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው ከፋሼታው ጥግ ነው። ከፊልትሮው ስር የውሃ ማስወገጃ ብሎን ካለ የእሷም ቀለበት አየር ታስገባለች።

ጥገናውን ስትጨርስ አየሩን አስወጣ። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አድርገህ የእጅ ፖምፓዋን ግፋ፤ መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ ንጹህ ናፍጣ ይወጣል፤ እየወጣ ሳለ አጥብቅ። በዋናው ፖምፓ ላይም እንዲሁ አድርግ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ የእጅ ፖምፓዋም ጠንክራ፣ ጭስ ግን አሁንም ከሌለ የማቆሚያውን ክንድ ተመልከት። ቁልፍ ስታጠፋ ሞተሩን የሚያቆመው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይህን ክንድ ስቦ ናፍጣውን ይዘጋል። ሽቦው ከላላ ወይም ሞተሪቱ ከደረቀች ክንዱ እንደተዘጋ ይቀራል፤ ሞተሪኖውን ስታዞር ብትውል ናፍጣ አይወጣም። ሰው ቁልፉን እንዲከፍት አድርግና ክንዱ መንቀሳቀሱን በዓይንህ እይ። የሞተር ፍሬኑንም አትርሳ፤ ጭስ ማውጫውን የሚዘጋው ክዳን በጥላሸት ተይዞ ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ መተንፈስ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ብቻ የኢንጀክተር ቱቦዎችን ዳዶ ግማሽ ዙር አላላና ሞተሪኖውን አዙር። ናፍጣው በየተራው ብልቅ ብልቅ ማለት አለበት። ይህን ስታደርግ እጅህንም ፊትህንም አርቅ። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ኢንጀክተር የሚከፈተው በ200 ባር አካባቢ ነው፤ ከጠባብ ቀዳዳ በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ያህል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ውስጥ የገባው ናፍጣ ግን ሥጋውን ይገድለዋል። እንዲህ ከደረሰብህ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂድ፤ የገባብህ ናፍጣ መሆኑንም ተናገር።

ግምቴ ተሳስቶ ነጭ ጭስ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚወጣ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ናፍጣው ደርሷል፣ ሙቀቱ ግን አልበቃውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ ሠላሳ በመቶ ገደማ ያንሳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲጨመርበት፣ አዳማ ላይ በአንድ ዙር የሚነሳ ሞተር እናንተ ዘንድ ይቸገራል። ስለዚህ የማሞቂያ ካንዴሌታዎቹን አንድ በአንድ በኦም መለኪያ ለካ፤ ደኅናው ጥቂት ኦም ያሳያል፣ የተቃጠለው ጭራሽ አያሳይም። ባትሪዎቹ አዲስ ቢሆኑም ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ በሁለቱ ላይ ያለውን ቮልት ለካ፤ ከ19 ቮልት በታች ከወረደ ከሻንሲው ጋር የሚገናኘውን የማሳ ገመድ ፈትተህ በአሸዋ ወረቀት አጽዳ። ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር የጨመቀውን አየር ግለት ብረቱ ይወስድበታል።

የኮምፕረሽን (የሲሊንደር ጭመቃ) ልኬት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋታቸው የተከፈቱ ሞተሮች አይቻለሁና። የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ የሚሰጥህ ቁጥር በባሕር ወለል የተለካ ነው። እዚያ 28 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 20 ባር ገደማ ቢያሳይ አልታመመም፤ የሚጨምቀው አየር ራሱ ቀጭን ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ከሆኑ ተወው። አንዱ ከሌሎቹ ከሦስት ባር በላይ ካነሰ ግን ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ከማንሳትህ በፊት የቫልቭ ክፍተቱን አስለካ፤ በዚህ ሞተር ላይ ሲቀዘቅዝ 0.40 ሚሊሜትር ነው። የጠበበ ቫልቭ ጥብቅ አድርጎ አይዘጋም፤ ሰዎች ግን ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) አለቀ ብለው ሞተር ያወርዳሉ። ነጩ ጭስ ጣፋጭ ሽታ ካለውና የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ደግሞ የተበላሸው የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሪኖውን ጨርሶ አታዙር፣ በሌላ መኪና እያስጎተትክም ለማስነሳት አትሞክር። ውሃ አይጨመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከተጠራቀመ ቢየላውን (ፒስቶኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጥፈዋል።

በአየር ማስገቢያው ቤንዚን ወይም ኤተር የሚረጩ ሰዎች ሲመጡ አትፍቀድላቸው። ካንዴሌታው ግሎ ሳለ ኤተር ሲገባ ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ይፈነዳል፤ ፋሻ ይሰብራል፣ ሰውም ያቃጥላል። ሞተሪኖውንም በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አታዙር፤ ሁለት ደቂቃ አሳርፈው። በሁለት ሳምንት ትግል ምን ያህል እንደጎዳኸው አላውቅምና ብሩሾቹን በአጋጣሚው አስይ።

ፖምፓው ላይ በእርሳስ ብረት ማኅተም የታሸጉ ብሎኖች አሉ። ማንም ቢሆን «ጥቂት ናፍጣ ልጨምርለት» ብሎ እንዳይነካቸው። እነሱ የሚስተካከሉት በመሞከሪያ ማሽን ላይ ብቻ ነው።

የዛሬውንና የነገውን ሌሊት ሙከራ አድርግና ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ የጭሱን መልክ፣ የእጅ ፖምፓዋ በስንተኛው ግፊት እንደጠነከረች፣ ፊልትሮውን ስታወርድ ከራሱ ላይ ያገኘኸውን።